የኮንትራት ሠራተኞች ማኅበር፤ ከባቱ እስከ ዱከም

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሥራዬ የሚያውቁኝ ሰዎች ባገኙኝ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል። ባለፈው ሰሞን አዳማ ፍራንኮ አካባቢ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሾፌር እንኳ በመስታወቱ አየኝና፣ «ወይዘሮ ዘይነባ አይደሉም? እህቴ ሞጆ ቆዳ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ግን ኮንትራት ናት። ማኅበር መግባት ትችላለች?» አለኝ።

«ትችላለች» አልኩት።

«ኮንትራት ናት እኮ!»

«ሕጉ ‹ሠራተኛ› ነው የሚለው። ‹ቋሚ› አይልም።»

መልሱ ይኸው ነው። አጭር ነው፤ እውነትም ነው። ግን ይህንን መልስ ሰጥቼ ብቻ መተው አልችልም። ገና ወጣት ሳለሁ ይህንኑ መልስ ለሌላ ሴት ሰጥቼ የሆነውን አይቻለሁና።

የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት በመንግሥት የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ነው። ሥራዬ ሁለት ነበር፤ ሠራተኞች ማኅበር ሲያቋቁሙ መመዝገብ፣ ከአሠሪያቸው ጋር ሲጋጩ ደግሞ መሐል ገብቶ ማስማማት። በሕጉ ስማችን «አስማሚ» ነው። ከወሎ መጥታ አዳማ ሱቅ የከፈተችው እናቴ ግን ጎረቤት ስለ እኔ ሲጠይቃት፣ «ፋብሪካ ነው የምታስታርቀው» ትል ነበር። ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ደሞዙ እንደ ማንኛውም የመንግሥት ደሞዝ ነበር፤ ወረቀቱም እንደ ማንኛውም የመንግሥት ወረቀት ብዙ ነበር። ስለ ሁለቱም ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

መጀመሪያ የተመደብኩት ባቱ ነው። ያኔ ብዙ ሰው ዝዋይ ነበር የሚላት። የሐይቁ ዳር ነፋስ፣ የጋሪ ፈረሶች፣ ከከተማው ጀርባ ደግሞ ነጭ ላስቲክ የለበሱት የአበባ እርሻዎች። የመጀመሪያው አለቃዬ ጸጥታ የሚወድ ሰው ነበር። ክርክር ያለበት ጉዳይ ጠረጴዛው ላይ ከወደቀ እንደ ጋለ ድስት ቶሎ ወደ እኔ ያሳልፈዋል። «አንቺ ወጣት ነሽ፤ ትችይዋለሽ» ይለኛል። እኔ ግን አልችልም ነበር። ሥራውን ያስተማሩኝ ከበድ ያለ ጉዳይ ሲመጣ ከአዳማ የሚላኩልን ኦቦ ገመቹ የሚባሉ አንጋፋ አስማሚ ናቸው።

ኦቦ ገመቹ ቀጠሮው ነገ ከሆነ ዛሬ ይመጣሉ። የቢሮ መኪና እያለ በጋሪ ተሳፍረው፣ ሠራተኛ ሊወጣ ሲል እርሻው በር ፊት ለፊት ካለች ግራር ሥር ይቀመጣሉ። ማንንም አያናግሩም። አብሬያቸው በሄድኩ በመጀመሪያው ቀን ምን እንደምናደርግ ግራ ገብቶኝ፣ «ኦቦ፣ ማንን ነው የምንጠብቀው?» አልኳቸው።

«ማንንም። ማን ከማን ጋር እንደሚወጣ እዪ።»

«ለምን?»

«ቋሚውና ኮንትራቱ እያወሩ ከወጡ ነገ ሥራችን ቀላል ነው። ለየብቻ ከወጡ ግን አሠሪውን ከማናገራችን በፊት ሌላ የምናስታርቀው ሰው አለ።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። አሠሪ ቢሮ ውስጥ ሻይ አይጠጡም፤ ውኃ እንኳ ከቤታቸው ይዘው ይመጣሉ። ኩራት እንዳይመስል «ሐኪም ከልክሎኛል» ይላሉ፤ የከለከላቸው ግን ሠራተኛው በመስኮት አይቷቸው ‹ወደ አሠሪው አደሉ› እንዳይል መጠንቀቃቸው ነው። በስብሰባ ላይ ደግሞ ከተቀመጡት ሁሉ አማርኛ የሚያንሰው ማን እንደሆነ ያዩና ወደ ኦሮምኛ ይዞራሉ፤ ኦሮምኛ የማይችል ካለም ራሳቸው ይተረጉሙለታል። ከሁሉም በላይ የገረመኝ ክርክሩን የሚከፍቱበት መንገድ ነበር። ማንንም «ምን ትፈልጋለህ?» ብለው አይጠይቁም። «እስቲ እሷ ምን እንደምትፈልግ አንተ ንገረኝ» ነው የሚሉት። ሰውየው ሲሳሳት ያርሙታል፤ ያኛው ወገን «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» እስኪል ድረስ ያስደግሙታል። አንዳንዴ ግማሽ ቀን ይፈጃል። እኔ ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ጫልቱ የምትባል ጽጌረዳ ቆራጭ ከጓደኞቿ ጋር ወደ ቢሮዬ መጣች። እጇ በሙሉ በእሾህ ተጭሯል። በእርሻው ውስጥ መድኃኒት ሲረጭ በላስቲኩ ግሪንሃውስ በር ላይ ቀይ ምልክት ይሰቀላል። ምልክቱ እስኪነሳ ማንም አይገባም። ግን ለውጭ የሚላክ አበባ ሲቸኩል ተቆጣጣሪው ጊዜው ሳይደርስ «ግቡ» ይላል። ቋሚዎቹ ማኅበር ስላላቸው፣ ይህ መብት በስምምነታቸው ላይም ስላለ፣ «አንገባም» ይላሉ። የሚገቡት ኮንትራቶቹ ናቸው።

«እህቴ፣» አለችኝ ጫልቱ፣ «እኛም አንድ ቀን ‹አንገባም› ማለት እንፈልጋለን። ዓይናችን ያቃጥለናል፣ ያስመልሰናል፤ አንዷ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት። የቋሚዎቹን ማኅበር ብንጠይቅ ‹ኮንትራት አንቀበልም፣ አሠሪውም አይፈቅድም› አሉን። እውነት ነው?»

ሕጉን አነበብኩላት። «አይደለም። እናንተም ሠራተኞች ናችሁ። ከፈለጋችሁ የራሳችሁን አቋቁሙ» አልኳት።

አቋቋሙ። በአንድ እድር አዳራሽ ተሰብስበው መተዳደሪያ ደንባቸውን አጸደቁ፤ መሪዎቻቸውን መረጡ፤ ጫልቱ ሊቀመንበር ሆነች። የመዘገብኳቸው እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ በአንድ ጠዋት ቀዩ ምልክት እያለ ተቆጣጣሪው «ግቡ» ሲል ሴቶቹ በሙሉ በር ላይ ቆሙ። እኔ አላየሁትም፤ ጫልቱ ናት እየሳቀች የነገረችኝ። «ዝም ብለን ቆምን። እሱም ቆመ። ሰዓቱን አየ፣ እኛን አየ። ከዚያ ‹በቃ ውጭ ያለውን ሳር ንቀሉ› አለን።» ስትነግረኝ ከወንበሯ ተነስታ አቋቋማቸውን አሳየችኝ።

ኮንትራታቸው የጥቂት ወር ነበር፤ ሲያልቅ ይታደሳል፤ እንደዚያ እየታደሰ ዓመታት የሠሩ ነበሩ። በዚያ ጊዜ ሲያልቅ የሁሉም ታደሰ፤ የጫልቱና አብረዋት የተመረጡት መሪዎች ውል ብቻ ሳይታደስ ቀረ።

ኦቦ ገመቹ ከአዳማ መጡ። የእርሻውን ሥራ አስኪያጅ ከፊታችን አስቀመጥነው።

«አንድም ሰው አላባረርኩም» አለ። «ውሉ አለቀ። ያለቀ ውል አልቋል።»

«ሥራውስ አለቀ?» አሉት ኦቦ ገመቹ።

«የቱ ሥራ?»

«አበባው። መቆረጥ አቆመ?»

ሰውየው ወደ መስኮቱ ዞረ። በመስኮቱ ሴቶቹ ባልዲ ተሸክመው ሲያልፉ ይታያሉ። «ማንን መቅጠር እንዳለብኝ ሕጉ አያዘኝም» አለና ተነሳ።

አልተስማማንም። ነገሩ ፍርድ ቤት ሄደ። ጫልቱና ጓደኞቿ በማኅበሩ ምክንያት እንደተገለሉ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ የሚያውቁት ደግሞ እርሻው ውስጥ የቀሩት ሴቶች ናቸው። አንድ በአንድ ቀረቡ። አንድ በአንድ ወለሉን እያዩ «እኔ አላውቅም» አሉ። አልፈረድኩባቸውም፤ የእነሱም ውል ከጥቂት ወር በኋላ ያልቃል። ቋሚዎቹ ግን ይችሉ ነበር። የቋሚዎቹ ማኅበር መሪ ሲጠራ አልመጣም። ተሸነፍን። የኮንትራቶቹ ማኅበርም መሪ የሚሆን ሰው ጠፍቶ ቀለጠ።

ውሳኔውን ልነግራት ጫልቱን ፈልጌ ሐይቁ ዳር ሄድኩ። ከአሣ አስጋሪዎች እየተቀበለች አሣ ትሰነጥቃለች። ቅርፊቱ እስከ ክርኗ ተለጥፏል። ስነግራት ቢላዋውን አላቆመችም።

«አውቀዋለሁ» አለች። «እኔ ምንም አልሆንም። እዚህ ቢያንስ ንጹሕ አየር ነው። እነሱ ግን መግባት ጀምረዋል።»

«ምን?»

«ምልክቱ ሳይነሳ። ያቺ ነፍሰ ጡር ጓደኛችንም ትገባለች።»

እሷ አንዱን አሣ ጨርሳ ሌላውን አነሳች።

ኦቦ ገመቹ በማግስቱ ወደ አዳማ ሲመለሱ አውቶቡስ ተራ ሸኘኋቸው። ወንበራቸውን ከያዙ በኋላ በመስኮት ጠሩኝ። «ዘይነባ፣ ላነሱት ጥያቄ መልስ ሰጥተናል። ለፍርሃታቸው ግን ምንም አልሰጠንም። ከእንግዲህ ኮንትራት ሠራተኛ ሲመጣ ውሉን አታስቀድሚ። ሥራውን ጠይቂ። ሥራው ዓመቱን ሙሉ የማያቋርጥ ከሆነ ሠራተኛውን ጊዜያዊ ያደረገው አሠሪው ነው እንጂ ሥራው አይደለም፤ ክርክሩም እዚያ ላይ ነው። ደግሞ ቋሚዎቹን ሳትይዢ ወደ አሠሪ አትሂጂ።» አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ አሁንም እያወሩ ነበር፤ የመጨረሻውን አልሰማሁትም።

ከዚያ ብዙ ቦታ ዞርኩ። አዳማ ተመልሼ የግንባታ ሠራተኞችን ጉዳይ ያዝኩ። ከመልካሳ እስከ መቂ የእርሻ ቀን ሠራተኞችን አዳመጥኩ። አለቆች ተቀያየሩ። አንዱ ሪፖርት ላይ «የተፈቱ ጉዳዮች» ሲበዙ ደስ የሚለው ነበር፤ ሁለት ወገን ቢሮው ገብቶ ከተጨባበጠ ለእሱ ተፈትቷል፤ ውጭ ወጥተው ምን እንደሆኑ አይጠይቅም። ሌላዋ ጠንካራ ሴት ነበረች፤ ከአሠሪ ስልክ ሲደወልላት ድምፁን ከፍ አድርጋ እኛም እንድንሰማ ታደርግ ነበር። እሷ እያለች ያለ ፍርሃት ሠርቻለሁ። ኦቦ ገመቹም ጡረታ ወጥተው ከጥቂት ዓመት በኋላ አረፉ። በቀብራቸው ላይ አሠሪውም ሠራተኛውም በአንድ ረድፍ ቆሞ አየሁ፤ ማን ከማን ጋር እንደመጣ ማየት ለምዶብኝ ነበር።

ሥራውም እየተለወጠ መጣ። በድሮው ጊዜ ኮንትራት የሚቀጥረው ፋብሪካው ራሱ ነው። አሁን መሐል ላይ ሠራተኛ የሚያቀርብ ኤጀንሲ ገባ። ሠራተኛዋ ከኤጀንሲው ጋር ትፈራረማለች፤ የምትሠራው ግን ፋብሪካው ውስጥ፣ በፋብሪካው ማሽን፣ በፋብሪካው ተቆጣጣሪ ነው።

ጡረታዬ እየተቃረበ ሲመጣ ከዱከም ትዕግሥት የምትባል ወጣት መጣች። በአንድ የሳሙና ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ውስጥ የኤጀንሲ ሠራተኛ ናት። ከአጠገቧ የምትሠራ ልጅ ጣቷ በማሸጊያው ማሽን ተይዞ ተቆርጧል። የፋብሪካው ነርስ ጠቀለለችላት፤ ወደ ሆስፒታል የሚወስዳት ግን ጠፋ። ፋብሪካው «የኤጀንሲው ናት» አለ። የኤጀንሲው ሰው በስልክ «አደጋው የደረሰው በእናንተ ግቢ ነው» አለ። በመጨረሻ ሠራተኛ የሚያመላልስ የሚኒባስ ሾፌር ነው «ኑ፣ ግቡ!» ብሎ ይዟት የሄደው።

ትዕግሥት ከፊቴ ቁጭ ብላ፣ «እትዬ፣ እኔ የማን ሠራተኛ ነኝ?» አለችኝ።

እኔም የተማርኩትን ጠየቅኋት። «ምንድን ነው የምትሠሪው?»

«ሳሙና አሽጋለሁ።»

«ማሸጉ የሚቆምበት ወራት አለ?»

ሳቀች። «እሑድ እንኳን አይቆምም!»

በማግስቱ ዱከም ሄድኩ። ፋብሪካው በር ፊት ለፊት ካለች የጎሚስታ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ፈረቃ ሲቀየር ጠበቅሁ። ሰማያዊ ቱታ የለበሱት ቋሚዎች ወጥተው በፋብሪካው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ግራጫ ሰደርያ የለበሱት የኤጀንሲ ልጆች ደግሞ በሌላው ጥግ ወጥተው ሚኒባስ ለመሻማት ወደ አስፋልቱ ሮጡ። አንድ ሰማያዊ ከአንድ ግራጫ ጋር ሲያወራ አላየሁም። ስለዚህ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሳልገባ የቋሚዎቹን ማኅበር ሊቀመንበር ፈለግሁ።

አቶ ደረጀ የቦይለሩ፣ የእንፋሎት ማፍያው፣ ኦፕሬተር ነው። ፊቱ ከዓመታት ሙቀት የጠቆረ፣ ቁጥብ ሰው። በግልጽ ነገረኝ። «ወይዘሮ ዘይነባ፣ አልደብቅዎትም። እነሱ በመጡ ቁጥር የእኛ ቦታ ይቀንሳል። ቋሚ ጡረታ ሲወጣ ቋሚ አይተካም። እነሱን ደግፌ ብቆም አባሎቼ ምን ይሉኛል?»

እሱንና ትዕግሥትን ቢሮዬ ጠራኋቸው፤ አሠሪ በሌለበት። «አቶ ደረጀ፣ እስቲ ትዕግሥት ምን እንደምትፈልግ አንተ ንገረኝ» አልኩት።

«እነሱ የሚፈልጉት የእኛን ጥቅማ ጥቅም...»

«እንደሱ አላለችም።» ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞ አልሆነም። ከዚያ ወደ እሷ ዞርኩ። «አንቺስ? እሱ የሚፈልገውን ታውቂያለሽ?»

ትዕግሥት ጥቂት አሰበች። «ጋሽ ደረጀ የሚፈሩት እኔን አይመስለኝም» አለች። «እርሳቸው ሲወጡ ቦይለሩ ላይ የሚቆመው የኤጀንሲ ልጅ ነው። ያ ልጅ አንድ ነገር ሲያጠራጥረው ቦይለሩን ማጥፋት አለበት። ግን አያጠፋም። ካጠፋ ነገ በሌላ ይቀይሩታል። ከዚያ ቦይለሩ ቢፈነዳ ሰማያዊም ግራጫም አይለይም። እሱን ነው የሚፈሩት።»

ደረጀ ቀና ብሎ አያት። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም። የጓደኛዬ ጣት ሲያዝ ማሽኑን የሚያቆመው ቀይ ቁልፍ አጠገቤ ነበር። ከመጫኔ በፊት ግን ተቆጣጣሪው የት እንዳለ ዞር ብዬ አየሁ። ዞር ባልል ኖሮ...»

ደረጀ ወንበሩን ጠጋ አደረገ። «ማኅበራችሁን አቋቁሙ» አላት። «እኛ ከጎናችሁ እንቆማለን። አባሎቼን እኔ አናግራቸዋለሁ።»

በሥራ ዘመኔ ብዙ ሰው ሲጨባበጥ አይቻለሁ። ያን ቀን ማንም አልተጨባበጠም፤ ሲወጡ ግን በደረጃው ላይ ስለዚያ ማሸጊያ ማሽን እያወሩ ወረዱ። ያኔ ነው ተስፋ ያደረግሁት።

የኤጀንሲው ሠራተኞች፣ የፈረሙት ከእሱ ጋር ስለሆነ፣ ማኅበራቸውን በኤጀንሲው ሠራተኞች ስም አቋቋሙ። ጥቂቶች ብቻ ከፊት እንዳይታዩ በምሥረታው ቀን የማሸጊያው ክፍል በሙሉ መጣ፤ የቋሚዎቹም መሪዎች መጥተው ከኋላ ቆሙ። የኮንትራት ማብቂያው ሳይደርስ ሁለቱም ማኅበራት በአንድነት ድርድር ጠየቁ። ባቱ ላይ የመጣነው ውሉ ካለቀ በኋላ ነበር።

በድርድሩ ቀን ፋብሪካውንና ኤጀንሲውን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው፤ ኳሱን አንዱ ለሌላው በጠረጴዛ ላይ እንዳያቀብል። የፋብሪካውን ሥራ አስኪያጅ፣ «ሠራተኛዋን ከማሽን ወደ ማሽን የሚያዛውራት ማነው?» አልኩት።

«የእኛ ተቆጣጣሪ።»

«ፈረቃዋን የሚቀይረው?»

«እኛ።»

«ጣቷ ሲቆረጥ?»

ወደ ኤጀንሲው ሰው ዞረ። የኤጀንሲው ሰው ወደ እሱ ዞረ። ጎን ለጎን ስለነበሩ ተፋጠጡ። ከሠራተኞቹ አንዷ ሳቀች፤ ከዚያ ሥራ አስኪያጁም ሳያስበው ፈገግ አለ። ከዚያ በኋላ ነገሩ መንገድ ያዘ።

ሁሉም አልተገኘም። ማንም ሰው፣ ሰማያዊም ይልበስ ግራጫ፣ አደጋ ካየ ማሽን ሊያጠፋ እንደሚችልና በዚህ እንደማይጠየቅ ተስማሙ። የተጎዳ ሰው በፋብሪካው መኪና ይወሰዳል። የማሸጊያው ክፍል ውል ማንም ሳይነጠል ታደሰ፤ ቆይቶም ፋብሪካው አብዛኞቹን በቀጥታ ቀጠረ። ጭነት አውራጆቹ ግን እዚያው ኤጀንሲ ውስጥ ቀሩ፤ ጣቷ የተቆረጠው ልጅም ከሕመሟ በኋላ አልተመለሰችም። ይህንን ስጽፍ እንደ ድል አድርጌ መጻፍ አልፈልግም። ከባቱ ጋር ሳስተያየው ግን ሌሊት በሰላም እተኛለሁ።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ የፋብሪካው ማኅበር ምርጫ ላይ በታዛቢነት ተገኘሁ። በቀጥታ የተቀጠሩት አሻጊዎች የማኅበሩ አባል ሆነዋል። አቶ ደረጀ እንደገና ሊወዳደር አልፈለገም፤ ትዕግሥት ሊቀመንበር ሆና ተመረጠች። ጭብጨባው ገና ሳያልቅ የአዳራሹ በር ተከፈተና አረንጓዴ ሽርጥ የለበሱ የጽዳት ሴቶች ብቅ አሉ። በሌላ ኤጀንሲ በቅርቡ የመጡ ናቸው። ከፊት ያለችው ጠና ያለች ሴት፣ «እኛም ጉዳይ ነበረን» አለች።

በሩ አጠገብ ከተቀመጡት አሻጊዎች አንዷ ወደ ኋላ ዞራ፣ «ይሄ የማኅበርተኛ ስብሰባ ነው እኮ» አለቻት። «እናንተ የኤጀንሲ ናችሁ።»

ታዛቢ መናገር አይፈቀድለትም፤ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ትዕግሥትን አየኋት። እሷም አላመነታችም ማለት አልችልም። የመረጧትን ሰዎች አየች፤ በር ላይ የቆሙትን አየች፤ ፊቷ ላይ ያን ቀን ቢሮዬ ውስጥ ያየሁት የደረጀ ፊት መጣ። ሊቀመንበር ከሆነች ገና ደቂቃም አልሞላት።

ከዚያ ከመድረኩ ወረደች፣ ወደ መጨረሻው አግዳሚ ሄደችና በሩ አጠገብ ያለችውን አሻጊ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት። «ትንሽ ጠጋ በይ።»

ልጅቷ ጠጋ አለች። ከጎኗ ያሉትም ጠጋ አሉ።

ጠና ያለችው ሴት ግን አልገባችም። «የምንገባው ለመስማት ነው ወይስ ለመናገር?» አለች።

«ለሁለቱም» አለች ትዕግሥት።

ሴትየዋ ሽርጧን ሰበሰበች፣ ተቀመጠች፣ መናገር ጀመረች።